ዳስ ወይስ ዛፍ? የግቢ ጥላ ከፓሽን ፍሩት ወይም ከዋንዛ እንዴት ይገኛል

በየካቲትና በመጋቢት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ ረከቦት ደጅ አውጥቶ ቡና ማፍላት የማይታሰብበት ግቢ ካለዎት ማድረግ የሚችሉት ሁለት ነገር ነው፤ ወይ ሐረግ የሚወጣበት ዳስ ይሠራሉ፣ ወይ ዛፍ ይተክላሉ። ቆርቆሮ መዘርጋትም አለ የሚል አይጠፋም። እንዲህ የሚለው ግን በመጋቢት ፀሐይ ቆርቆሮ ሥር ተቀምጦ የማያውቅ ሰው ነው።

እኔ የማነጻጽረው ከሐረግ ፓሽን ፍሩትን፣ ከዛፍ ዋንዛን ነው። ሁለቱንም አዲስ አበባ ግቢዬ ውስጥ ተክያለሁ፣ በሁለቱም ተሳስቻለሁ። ዋንዛውን ከአጥሩ አንድ ሜትር ተኩል ላይ ነበር የተከልሁት፤ ክንድ የማይሞላ ችግኝ ሆኖ ሲታይ ያ ቦታ ተርፎት የሚቀር መስሎኝ። ከዓመታት በኋላ የአጥሩ ግንብ ከታች ጀምሮ ተሰነጠቀና ግማሹን አፍርሼ ማሠራት ግድ ሆነ። ፓሽን ፍሩቱን ደግሞ በፍቅር ነው የገደልሁት፤ በየሳምንቱ ሥሩን በዶማ እየኮተኮትሁ።

ልዩነታቸው ከዕድሜ ይጀምራል። ፓሽን ፍሩት በጥሩ አፈር ላይ በአንድ ዓመት ውስጥ አምስትና ስድስት ሜትር ይሄዳል፤ ከዓመት እስከ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜም ማፍራት ይጀምራል። ከዚያ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ገደማ ኖሮ ይደክማል። ዋንዛ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ጥላ የሚባል ነገር የለውም፤ ከሥሩ ወንበር ለማስቀመጥ በአዲስ አበባ ብርድ ስድስትና ሰባት ዓመት መታገሥ ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ ግን የተከለውን ሰው ቀብሮ ይኖራል። ስለዚህ ቦታ ያለው ሰው ሁለቱንም በአንድ ክረምት ይትከል እላለሁ፤ ሐረጉ የዛፉን የልጅነት ዘመን ይሸፍንለታል። ቦታ የሌለው ደግሞ ሳያመነታ ሐረጉን ይያዝ።

ወይን ቢተከልስ? የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ባቱ ወይም ድሬዳዋ ቢሆን እኔም ወይን እል ነበር። አዲስ አበባ ላይ ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ዝናብና ጭጋግ ቅጠሉንም ዘለላውንም ሻጋታ ያለብሰዋል፤ መድኃኒት እየረጩ ከመክረም በቀር ሌላ ማምለጫ የለውም። ለጥላ ብዬ ከተከልሁት ነገር ሥር የመድኃኒት ጠብታ እየወረደብኝ ቡና መጠጣት አልፈልግም።

አንደኛ፦ ጥላው የሚወድቅበትን በአጣና ይለኩ

ሰው ሁሉ የሚዘለው ይህን ነው፤ ችግኙን ገዝቶ ከመጣ በኋላ ባዶ ሆኖ ያገኘው ቦታ ላይ ይሰካዋል።

ሁለት ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ አጣና ይፈልጉ። ወንበርዎ እንዲሆን የሚፈልጉበት ቦታ ላይ ያቁሙትና በታኅሣሥ ወይም በጥር፣ ሰማዩ በጠራበት ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጥላው ወዴት እንደተጋደመ ይዩ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች በበጋ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በደቡብ ምዕራብ በኩል ትወርዳለች። የአጣናው ጥላ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ተጋድሞ ያገኙታል፤ ርዝመቱም በዚያ ሰዓት ከራሱ ከአጣናው ቁመት ጋር ይቀራረባል።

ከዚህ የሚከተለው ቀላል ነው። ዛፉ ከወንበሩ በስተደቡብ ምዕራብ መቆም አለበት፤ አምስትና ስድስት ሜትር ሲደርስ ጥላውን ወንበሩ ላይ እንዲጥል ከአራት እስከ አምስት ሜትር ይራቅ። ከቤቱ ጀርባ፣ በሰሜን በኩል የተተከለ ዛፍ በበጋ ጥላውን የሚሰጠው ለጎረቤት ነው። በክረምት ፀሐይ ወደ ሰሜን ትሻገራለች፤ ሚያዝያ በገባ በመጀመሪያው ሳምንትና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ደግሞ በቀትር አናት ላይ ትቆማለች። ነገር ግን በሐምሌ ጥላ ማን ይፈልጋል?

ዳስ ሲሆን ሒሳቡ ይለያል። በቀትር ጥላው በአብዛኛው ከሥሩ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ ፀሐይ ከምዕራብ በኩል በዳሱ ጎን ሾልካ ትገባና ፊት ትመታለች። መድኃኒቱ በምዕራቡ ጎን ያለውን ሐረግ አለመከርከም ነው፤ እንደ መጋረጃ እስከ ወገብ ድረስ ይንጠልጠል።

ሁለተኛ፦ ከምድር በታች ያለውን ይወቁ

የሽንት ቤቱ ጉድጓድ የት ነው? የውሃው ቧንቧ በየት በኩል ገባ? ቤቱን ሲገዙ ወይም ሲከራዩ ያልነገሩዎት ከሆነ አሁን ይጠይቁ። የዛፍ ሥር ደረቅ አፈር ውስጥ ሲጓዝ ከሚያንጠባጥብ የቧንቧ መጋጠሚያ ጋር ከተገናኘ አይለቀውም። ለዋንዛ ከአጥር ቢያንስ ሦስት ሜትር፣ ከቤቱ መሠረትና ከፍሳሽ ጉድጓዱ አምስት ሜትር እተዋለሁ፤ ይህንንም የምለው ግንብ አፍርሼ ከከፈልሁ በኋላ ነው። ቀና ብለውም የመብራት ሽቦውን ይዩ። ያደገ ዋንዛ ከአሥራ አምስት ሜትር ሊያልፍ ይችላል፤ ዘውዱም በስፋት ስምንትና አሥር ሜትር ይይዛል። ይህን ያህል ነጻ ቦታ ከሌለ ዛፉን ይተዉት። ተከራይ ከሆኑም እንደዚሁ፤ ዛፍ ተክሎ በሦስተኛው ዓመት ለቅቆ መውጣት ያንገበግባል።

ፓሽን ፍሩት ከአጥር አንድ ሜትር ቢርቅ ይበቃዋል። ሥሩ ጥልቅ ስላልሆነ ግንብ አይነካም። ግቢው በሙሉ በንጣፍ ድንጋይ የተሸፈነ ከሆነ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ያህል አንሥተው አፈሩን ይክፈቱለት።

አፈሩን በተመለከተ አንድ ፈተና ብቻ ያድርጉ። 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ይቆፍሩ፣ በማታ አንድ ባልዲ ውሃ ያፍስሱበት፣ ጠዋት ይመልከቱ። ውሃው እንደተኛ ካገኙት ዋልካ ላይ ነዎት ማለት ነው። ዋልካ በክረምት ውሃ አቁሮ ሥር ያበሰብሳል፣ በበጋ ይሰነጠቅና ሥር ይበጥሳል። ፓሽን ፍሩት ይህን ጨርሶ አይችልም። ሌላ አፈርና ፍግ ቀላቅለው ከመሬት 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ ክምር ሠርተው እላዩ ላይ ይትከሉት። ዋንዛ ከዚህ ይጠነክራል፤ ሆኖም ውሃ የሚተኛበት ጉድጓድ ለእሱም ጥሩ አይደለም።

ሦስተኛ፦ የፓሽን ፍሩቱ ሥራ

ዘሩ። ሁለት ዓይነት አለ። እንቁላል የሚያህለውና ሲበስል ሐምራዊ የሚሆነው የደጋው ነው፤ አዲስ አበባ ላይ እሱን ይፈልጉ። ተለቅ የሚለው ቢጫው ሞቃት ቦታ ይወዳል፤ በዚያ ላይ ብቻውን ከተተከለ አበባው በራሱ ዱቄት ስለማይጸነስ የተለየ ዘር ያለው ጎረቤት ይፈልጋል። ሐምራዊው ለብቻውም ያፈራል። ችግኝ ጣቢያ ካላገኙ ከገበያ የበሰለ፣ ልጣጩ የተጨማደደ ፍሬ ይግዙ፤ ፍሬውን በወንፊት እያሹ ያጥቡና ዘሩን ሳያቆዩ ይዝሩት። የቆየ ዘር ሰነፍ ነው፤ ትኩሱ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ይበቅላል። በጥር ወይም በየካቲት በፕላስቲክ የተዘራ ችግኝ በሰኔ ለመተከል ይደርሳል። አራት ያህል ያብቅሉ፤ ሁለቱን ይተክላሉ፣ ሁለቱን ለጎረቤት ይሰጣሉ።

ዳሱ። ብዙ ሰው ገንዘብ የሚቆጥበው እዚህ ላይ ነው፤ የሚጸጸተውም በዚሁ። ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር የሆነ ዳስ ለአንድ ቤተሰብ ይበቃል። አራት ቋሚ፣ ከመሬት በላይ 2 ሜትር ከ20፣ ከመሬት በታች 60 ሳንቲ ሜትር። የባሕር ዛፍ ቋሚ ከተጠቀሙ የሚቀበረውን ጫፍ የተቃጠለ ዘይት የሚቀቡ ሰዎች አሉ፤ ምስጡን ያዘገያል እንጂ አያስቀረውም፣ ዘይቱም ሐረጉ ሥር ወዳለው አፈር ይገባል። ከሁሉ የከፋው የእንጨቱ እግር የሚበሰብሰው ሐረጉ በጣም በከበደበት በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት መሆኑ ነው። ነሐሴ ላይ ዝናብ የጠጣ ቅጠል ምን ያህል እንደሚከብድ ዳሱ ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል ካላዩ አያምኑም። አቅም ካለ ቋሚዎቹን በቱቦላሬ አሠርተው እግራቸውን በሲሚንቶ ያሲዙ። ከላይ በቋሚዎቹ መካከል ወጋግራ ይጋደም፤ በላዩ ባለ 3 ሚሊ ሜትር ሽቦ በየ50 ሳንቲ ሜትሩ ወዲህና ወዲያ ይወጠር። የቆርቆሮ ምስማር ላይ የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ አይበቃም።

ተከላው። ዝናቡ ከያዘ በኋላ፣ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። ግማሽ ሜትር ስፋትና ጥልቀት ያለው ጉድጓድ፣ አንድ ጀሪካን የሚሞላ በደንብ የተብላላ ፍግ ከላይኛው አፈር ጋር ተቀላቅሎ ይገባበታል። ያልተብላላ፣ ገና የሚሞቅ ፍግ ሥር ያቃጥላል። ሁለት ችግኝ ከተከሉ በመካከላቸው ቢያንስ ሁለት ሜትር ተኩል ይተዉ፤ በሰያፍ ትይዩ ከሆኑ ሁለት ቋሚዎች አጠገብ ማድረግ ይሻላል።

ማሳደጉ። ከችግኙ እስከ ሽቦው ገመድ ይወጥሩ። ከዋናው ግንድ በየጎኑ የሚወጡትን ቡቃያዎች ሽቦው ጋር እስኪደርስ ድረስ በጣት እየቀነጠሱ ይጣሉ፤ አንድ ግንድ ብቻ ይውጣ። ሽቦውን በአንድ ስንዝር ሲያልፍ ጫፉን ይቁረጡት። በሳምንታት ውስጥ ከተቆረጠው ጫፍ ዝቅ ብሎ ቅርንጫፎች ይወጣሉ፤ ብርቱዎቹን መርጠው በተለያየ አቅጣጫ በሽቦው ላይ ያስይዟቸው። ከዚያ በኋላ ማሰር አያስፈልግም፤ ራሱ ቀጫጭን ጅማቶቹን እንደ ስፕሪንግ እየጠመጠመ ይይዛል። ጠዋት ተነሥተው ቢያዩት ትናንት ነጻ የነበረችው ጅማት ሽቦውን ሁለት ሦስት ጊዜ ዞራው ያገኟታል።

ውሃው። በበጋ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለአንድ ሥር። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ይህ ትልቅ ወጪ ነው፤ የልብስ ማጠቢያ ውሃ ግን አይስጡት። በሥሩ ዙሪያ ደረቅ ሣርና ቅጠል ይጎዝጉዙለት፤ እርጥበት ይይዛል፣ አረምም ያፍናል፣ ዶማም ያስቀራል። ግንዱን ግን ጉዝጓዙም ፍጉም አይንካው፤ አንድ ስንዝር ዙሪያውን ክፍት ይሁን። ይህ ተክል የሚሞተው በአብዛኛው ከአፈር በሚነሣ፣ ግንዱን ከታች በሚያደርቅ በሽታ ነው፤ በሽታው ደግሞ በቁስል ይገባል። የእኔ ዶማ በር ከፋች ነበር። አረም ካለ በእጅ ይንቀሉ።

አበባውና ፍሬው። የሐምራዊው አበባ በማለዳ ይከፈትና ከቀትር በፊት ይዘጋል፤ ዕድሜው ያቺው ጠዋት ናት። እንጨት የሚበሳውን ትልቅ ጥቁር ንብ ካዩ አያባርሩት፤ ለዚህ አበባ ከእሱ የሚሻል ሠራተኛ የለም። ፀረ ተባይ በዚያ ሰዓት መርጨት የራስን ፍሬ መግደል ነው። አበባው ከያዘ ከሁለት ወር ተኩል ገደማ በኋላ ፍሬው ይበስልና ራሱ ይወድቃል። ከሐረጉ እየጎተቱ አይልቀሙ፤ በየጠዋቱ መሬት ላይ የወደቀውን ያንሡ። ወድቆ ልጣጩ የተጨማደደው ይጣፍጣል። ልጆች አረንጓዴውን ጥሬ ፍሬና ቅጠሉን እንዳይበሉ ይከልክሏቸው፤ መርዝነት አለው።

መግረዙ። ፍሬ የሚመጣው በአዲስ ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ ያልተገረዘ ሐረግ ከዓመት ዓመት ቅጠል ብቻ ይሆናል። ዋናው ፍሬ ከተለቀመ በኋላ የተንጠለጠሉትን ሦስት ወይም አራት ዓይን አስቀርተው ይቁረጡ፣ የደረቀውን ያውጡ። በአንድ ቀን ሁሉንም ራቁቱን አያስቀሩት፤ በደረቅ ወቅት እንዲህ ከተደረገ ሊሞት ይችላል። መጀመሪያ ግማሹን፣ ከወር በኋላ ቀሪውን ግማሽ።

አራተኛ፦ የዋንዛው ሥራ

ይህ አጭር ነው፤ ዛፍ ብዙ ሥራ የሚጠይቀው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ብቻ ነውና።

ችግኝ ሲመርጡ ረጅሙን አይፈልጉ። ፕላስቲኩን ገልበጥ አድርገው ከታች ይዩ፤ ሥሩ ቀዳዳውን በስቶ ከወጣና ውስጥ ለውስጥ እንደ ገመድ ከተጠመጠመ ይመልሱት። የክንድ ቁመት ያለው፣ ግንዱ እርሳስ የሚያህል ችግኝ ከሜትር ተኩሉ መለሎ ይበልጣል።

ጉድጓዱን በግንቦት ይቆፍሩ፤ 60 ሳንቲ ሜትር በ60፣ ጥልቀቱም እንደዚያው። የላይኛውን አፈር ለብቻ፣ የታችኛውን ለብቻ ያስቀምጡ። በሐምሌ ሲተክሉ የላይኛው አፈር መጀመሪያ ይግባ። ፕላስቲኩን ሙሉ በሙሉ ያውልቁ፤ ቀዳድዶ ከነፕላስቲኩ መትከል የዛፍ ግድያ ነው፣ ስንት የችግኝ ዘመቻ ላይ አይቼዋለሁ። ግንዱ በፕላስቲኩ ውስጥ ከነበረበት ጥልቀት በላይ አይቀበር። በጎኑ አንድ እንጨት ተክለው ላላ አድርገው ይሰሩት፤ ፍየልና በግ የሚገባበት ግቢ ከሆነ ደግሞ ዙሪያውን በእሾህ ይጠሩት።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት በጋዎች በሳምንት አንድ ጀሪካን ውሃ። ቶሎ ቶሎ ጥቂት ከማጠጣት በአንዴ ጠገብ አድርጎ ማጠጣት ሥሩን ወደ ታች ይስበዋል። ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ በአብዛኛው ራሱን ይችላል፤ ከሐረጉ ጋር ሲነጻጸር ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው።

ዋንዛ ከልጅነቱ ወደ ጎን መንሰራፋት ስለሚወድ የታች ቅርንጫፎቹን በየዓመቱ አንድ ሁለቱን እያነሡ ግንዱን ከፍ ያድርጉት፤ በአንድ ጊዜ ከዘውዱ ሲሶ በላይ አይቁረጡ። ወፍራም ቅርንጫፍ ሲቆረጥ መጀመሪያ ከሥር በኩል ትንሽ ይጋዝ፣ ከዚያ ራቅ ብሎ ከላይ፣ በመጨረሻ የቀረው ጉቶ ከግንዱ አጠገብ ይስተካከል። ይህ ካልተደረገ ቅርንጫፉ ሲወድቅ የግንዱን ልጣጭ ይዞ ይወርዳል።

ጉዳቱንም መደበቅ አይገባም። ክረምቱ ሲወጣ ነጭ አበባው ግቢውን ያውደዋል፣ ንብ ይሞላዋል፤ ደስ ይላል። አበባው ሲረግፍ፣ ሰፋፊው ቅጠልም ሲከተለው አሸንዳዎን ይደፍናል። ቢጫው ፍሬ ደግሞ ጣፋጭና ሙጫ የሆነ ነገር ነው። ልጆችና ወፎች ይወዱታል፤ ከሥሩ መኪና የሚያቆም ሰው ግን በየጠዋቱ መስታወት ሲያሽ ያረፍዳል። ሰኔ ሳይገባ በግንቦት መሰላል አቁሞ አሸንዳ ማጽዳት የዋንዛ ባለቤት ግዴታ ነው።

አቮካዶ ብተክል ጥላም ፍሬም አገኝ የለም ወይ? ያገኛሉ። ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፣ የተዳቀለ ችግኝ ከሆነም በሦስትና በአራት ዓመት ሊያፈራ ይችላል። ሆኖም ጥላው እጅግ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ከሥሩ ሣር እንኳ አይበቅልም፤ ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ ፍሬም በነፋስ ቀን የተቀመጠ ሰው አናት ላይ ሲወርድ ቀልድ አይደለም። ዋልካ ላይ ደግሞ ሥሩ በክረምት ይበሰብሳል።

አምስተኛ፦ ሁለቱን በአንድ ግቢ

ዳሱ መሐል፣ ዛፉ ከዳሱ ደቡብ ምዕራብ አራትና አምስት ሜትር ርቆ ይቁም። ሐረጉ ዛፉ ላይ እንዳይወጣ ይጠብቁ፤ ወጣት ዋንዛ ላይ ከተጠመጠመ ብርሃን ነሥቶ ያጎብጠዋል። ወደ ዛፉ የዘረጋውን ጫፍ በየሳምንቱ ይቁረጡ።

በሦስተኛው ዓመት፣ ሐረጉ ገና በፍሬ ተጭኖ ሳለ፣ ከእሱ ፍሬ ዘር ወስደው ተተኪ ያብቅሉ። አሮጌው ሲሞት መፈለግ መጀመር ሁለት ዓመት ያለ ጥላ ያስቀራል። ተተኪውን በአሮጌው ጉድጓድ ውስጥ አይትከሉት፤ የቀድሞውን የገደለው በሽታ እዚያው አፈር ውስጥ ይጠብቀዋል። ከሌላኛው ቋሚ አጠገብ አዲስ ጉድጓድ ይክፈቱ።

በስድስተኛውና በሰባተኛው ዓመት የዋንዛው ጥላ ከሰዓት በኋላ ዳሱ ላይ ማረፍ ይጀምራል። በዚያ ጎን ያለው ሐረግ አበባው ይቀንሳል፤ ፓሽን ፍሩት ፀሐይ ካላገኘ አያፈራም። ያን ጊዜ አጣናውን እንደገና አውጥተው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያቁሙት። የዛፉ ጥላ ወንበሩን ሙሉ በሙሉ ከሸፈነ ሽቦውን ፈትተው ቱቦላሬውን ወደ ምሥራቁ አጥር፣ የጠዋትና የቀትር ፀሐይ ወደሚመታው ቦታ ያዙሩት፤ ተተኪው ችግኝም እዚያ ይተከል።